«ልጅቷ ዳቦውን በላ» ስንሰማ አእምሯችን ምን ያደርጋል?

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቧት፦ «ልጅቷ ዳቦውን በላ።» የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርሱ አልቆረቆራችሁም? አሁን ደግሞ ይህችን፦ «ልጅቷ መስኮቱን በላች።» እዚህም ላይ ቆም ብላችኋል። ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያዋ ምን እንደተባለ ገብቶናል፤ የተበላሸው ሰዋስው ነው። በሁለተኛዋ ሰዋስው እንከን የለውም፤ ነገሩ ነው የማይሆነው።

አእምሮም ሁለቱን አንድ ላይ አይጨፈልቃቸውም። ይህ የታወቀው የሰው ራስ ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፎ፣ ቃል በቃል እያስነበቡ፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ በመለካት ነው። በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ማርታ ኩታስ እና ስቲቨን ሂልያርድ ሰዎችን ትኩስ ዳቦ ላይ ካልሲ ስለመቀባት የሚያወራ ዓረፍተ ነገር አስነበቡ። «ካልሲ» የምትለዋ ቃል ከታየች ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ወደ ኔጌቲቭ ያጋደለ ሞገድ መጣ። ኤን400 ተባለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሊ ኦስተርሃውት እና ፊሊፕ ሆልኮም፣ ኔዘርላንድ ውስጥ ፒተር ሃጉርት እና ባልደረቦቹ ሌላ ሞገድ አገኙ። ይኸኛው የሚነሳው ትርጉም ሲፋለስ ሳይሆን ሰዋስው ሲፋለስ ነው። ከ500 ሚሊሰከንድ በኋላ ይጀምራል፤ ወደ ፖዘቲቭ ይወጣል። ፒ600 ይሉታል። እነሃጉርት በ1993 ካስነበቧቸው የደች ዓረፍተ ነገሮች አንዱ በአማርኛ «የተሞላቀቀው ልጅ መጫወቻውን መሬት ላይ ወረወሩ» እንደማለት ነው። ባለቤቱ ነጠላ፣ ማሰሪያ አንቀጹ ብዙ።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይመጣል። በደችኛ ይህ ስህተት ነው፤ ሌላ ማምለጫ የለውም። በአማርኛ ግን አንቱታ አለ። «የተማሪዎቹ አስተማሪ ታመሙ» ቢባል ተናጋሪው ተሳሳተ ወይስ አስተማሪውን አከበረ? እኛ ለብዙ ሰውም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ያው አንዱን ግስ ነው የምንጠቀመው። ታዲያ አእምሯችን መጀመሪያ አለመስማማቱን አይቶ ይደነግጥና በኋላ በአክብሮት ያስታርቀዋል? ወይስ ገና ከመነሻው እንደ ልክ ይቀበለዋል?

ይህን የጠየቅሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰው በፆታና በቁጥር ስህተቱ ሲሳቅበት ማየት ያንገበግበኛል። ስህተት ስንሰማ ውስጣችን የሚሆነው ነገር ከተናጋሪው ይልቅ ስለ እኛ ስለ ሰሚዎቹ ብዙ የሚናገር ይመስለኛል። እስቲ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከተለው የመልስ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲቀለው የመጡትን መልሶች እዚሁ በራሴ አነጋገር በተራ ቁጥራቸው አስቀምጫለሁ።

1ኛ መልስ። አንዲት እህት ናት፤ በጣም በትህትና ነው የጻፈችው። ዳቦው ላይ እንደቆረቆራት፣ መስኮቱ ላይ ግን ሳቋ እንደመጣ ነገረችን። አስተማሪው ላይ ሁለት ጊዜ ብታነብም ምንም ስህተት አልታያትም። እንዲያውም ለምን እንደጠየቅሁ እስኪገባት ድረስ ጥቂት እንደፈጀባት ተናግራለች። እኔ ይህን እንደ አንድ ማስረጃ ነው የያዝኩት።

2ኛ መልስ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ረጅምና ሥርዓት ያለው መልስ ሰጥተውናል። ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ በመደብ፣ በቁጥርና በፆታ መስማማት እንዳለባቸው ካስታወሱ በኋላ፣ ግሱ ከተሳቢውም ጋር እንደሚስማማ እንዳንረሳ አሳሰቡ። «ሴትዮዋን አየኋት» እንጂ «ሴትዮዋን አየሁት» አይባልም። አማርኛ በአንዳንድ ቦታ ላላ እንደሚልም አስረዱ። «ሦስት ሰው መጣ» ያለ ሰው አልተሳሳተም፤ «ሦስት ሰዎች መጡ» ያለውም እንዲሁ። የአስተማሪውን ነገር በተመለከተ አቋማቸው ቁርጥ ያለ ነው። አንቱታ ደንብ ስለሆነ ስህተት የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም፤ ለዚህ ደግሞ ላብራቶሪ አያስፈልግም።

3ኛ መልስ። አንድ ወጣት ለመምህሩ መልስ ሰጠ። ነጥቡ ደህና ነጥብ ነበር። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ደንብና አእምሮ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ለየብቻ ናቸው፤ ደንቡ ልክ ነው ማለት አእምሮ አይደናገርም ማለት አይደለም ነው የሚለው። ግን አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ከሁሉም በላይ መምህሩን «አንተ» አላቸው።

4ኛ መልስ። የመጣው ሌላ ሰው የወጣቱን ሐሳብ አልነካም። የነካው «አንተ»ን ብቻ ነው። የአባቱ እኩያ የሆነን ሰው እንደዚያ መጥራት ነውር እንደሆነ በቁጣ ጻፈበት። ወጣቱ መድረክ ላይ ሁሉም እኩል ነው ብሎ ተከራከረና ጥቂት ተነታረኩ። መምህሩ ራሳቸው ገብተው አብርደውታል፤ ሐሳቡን እንደወደዱት፣ ስለ አጠራሩ ግን ቅር እንዳላቸው ገልጸው አለፉ። የ«አንተ»ዋ ዓረፍተ ነገር በሰዋስው አንድም ጉድለት የላትም፤ ያልገጠሙት የሚጠራው ሰውና ግሱ ናቸው። ይህም ከስምምነት የሚቆጠር ይመስለኛል። አማርኛ የሚያውቅ ጆሮ የፆታን ስህተት ያህል ይሰማዋል፤ ምናልባትም የበለጠ።

5ኛ መልስ። የሥነ ልሳን ተማሪ ነው። ክሩ ከእሱ ወዲያ ነው መልክ የያዘው። በ1991 ካትሪን ቦክ እና ካሮል ሚለር ያወጡትን ሥራ አነሳ። ለሰዎች የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ በአፋቸው ይጨርሱታል። በእንግሊዝኛ «የቁም ሳጥኖቹ ቁልፍ» የሚለው ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ግሱን ለቁልፉ ሳይሆን ለሳጥኖቹ ብዙ ቁጥር ያደርጉታል። ብዙ ቁጥሩ ነጠላውን ይጎትተዋል እንጂ ነጠላው ብዙውን እምብዛም አይጎትተውም። ተማሪው ከዚህ ተነስቶ ስለ አማርኛ አንድ ድምዳሜ ሰጠ። በእንግሊዝኛ «ሳጥኖቹ» ከግሱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። በእኛ ግን አጠገቡ ያለው «ቁልፍ» ነው፤ «የሳጥኖቹ» ከፊት ቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይሳሳትም አለ።

6ኛ መልስ። ወዲያው አራሚ መጣ። አራሚዋም የዘርፉ ሰው መሆኗ ያስታውቃል። ሁለት ነገር አስተካከለች። አንደኛ፣ የቦክና የሚለር ሙከራ ስለ መናገር እንጂ ስለ መረዳት አይደለም። ሁለተኛ፣ ቅርበት ዋናው ምክንያት አይደለም። በ2009 ማት ዌገርስ፣ ኤለን ላው እና ኮሊን ፊሊፕስ ባሳተሙት ጥናት የሚያሳስተው ስም ከባለቤቱም ቀድሞ፣ ከግሱም ርቆ ተቀምጦ አንባቢን አሳስቷል። አሽከርካሪው በየጠዋቱ ስለሚያያቸው ሯጮች የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ነው። ማየት የአሽከርካሪው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ «ሯጮች» ከፊት ስላሉ ብቻ ግሱ ብዙ ቁጥር ሲሆን አንባቢው እንደ ልማዱ አይደናቀፍም።

የአራሚዋ ማብራሪያ እንዲህ ነው። አእምሮ ግሱ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ዞሮ ባለቤቱን ከትውስታ ይጠራል። ግሱ ብዙ ቁጥር ከሆነ ጥሪው «ብዙ ቁጥር ያለህ ስም» የሚል ምልክትም ይዟል። ያኔ ትክክለኛው ባለቤት ሳይሆን ሌላው ብድግ ሊል ይችላል። ቆንጆው ነገር ደግሞ ይህ የሚሆነው በአንድ አቅጣጫ መሆኑ ነው። የተሳሳተችውን ዓረፍተ ነገር ልክ ያስመስላታል፤ ልኳን ግን ስህተት አያስመስላትም። ባለቤቱና ግሱ ከተስማሙ አንባቢው ምንም ሳይሰማው ያልፋል። በአረብኛም ስለ ቁጥር ስምምነት በ2015 የታተመ ጥናት ይኸው ዓይነት ጉተታ እንዳለ ማሳየቱን ጨምራለች። ስለዚህ «የሳጥኖቹ ቁልፍ ጠፉ» የምትል ዓረፍተ ነገር አማርኛ አንባቢ ፊት ብትቀርብ ሾልካ ልታልፍ እንደምትችል ትጠብቃለች። ቁልፍ ደግሞ አንቱ አይባልም፤ በአክብሮት ማምለጥ አይቻልም።

5ኛው ተማሪ አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ደስ ይላል።

7ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። አንድ ሰው መጥቶ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» በሚሉ ሰዎች ላይ መቀለድ ጀመረ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎችን አነጋገር እየቀዳ አሳቀበት። ይህን ያህል ሲኖሩ እንዴት አይለምዱም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። 8ኛው መልስ ከሱ የባሰ ስለነበር አድሚኑ ሰርዞታል፤ እኔም ምን እንደነበር አልደግመውም።

9ኛ መልስ። የጻፈችው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ የአንድ አባት ልጅ ናት። አባቷ አማርኛን በጉልምስናቸው፣ በሥራ ነው የተማሩት። ልጆቻቸውን በዚያ ቋንቋ ሲያሳድጉ፣ ሲመክሩና ሲመርቁ ኖረዋል። ፆታው ዛሬም ይዛነፍባቸዋል። ልጅ እያለች ጓደኞቿ ፊት ሲናገሩ ታፍር እንደነበርና ዛሬ ያ ማፈር እንደሚቆጫት ጻፈች። ከዚያ ለ7ኛው ሰው ሹል ጥያቄ አቀረበችለት። እሱስ የአባቷን ቋንቋ ስንት ዓረፍተ ነገር ይችላል? መልስ አልሰጠም።

10ኛ መልስ የእኔ ነው። ለቀልዱ በሳይንስ መልስ መስጠት ስለቻልኩ ዝም ማለት አልፈለግሁም። በ2012 አድሪያና ሃኑሊኮቫ እና ባልደረቦቿ ያሳተሙት የደች ጥናት አለ። አድማጮቹ ደች አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ናቸው። የፆታ ስምምነት ስህተት ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንዴ ከአገሩ ተወላጅ፣ አንዴ በቱርክኛ ቅላፄ ከሚናገር ሰው ይሰማሉ። ተወላጁ ሲሳሳት ፒ600 ብቅ አለ። ባለቅላፄው ያንኑ ስህተት ሲሠራ ፒ600 አልታየም። የትርጉም ስህተት ሲሆን ግን ኤን400 ለሁለቱም መጣ። አድማጩ የባለቅላፄውን ሰዋስው በልቡ ይቅር ብሎ ጆሮውን ወደ ቁም ነገሩ አዙሯል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ ሳያስበው ነው ያደረገው። ስለዚህ በሰው አማርኛ የሚስቅ ሰው ስህተቱ ጆሮዬን አሳመመኝ ብሎ ማመካኘት አይችልም። ጆሮው ይቅር ማለት ያውቅበታል።

11ኛ መልስ። ሜሪላንድ የሚኖሩ እናት ናቸው። እዚያው የተወለደችው ልጃቸው ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ «አንተ ደህና ነህ?» ትላለች። አያትየዋ መጀመሪያ ሰሞን እየደነገጡ ያርሟት ነበር። አሁን ግን እንኳን ሊያርሟት የሚሰሙትም አይመስሉም። እንዲያውም ልጅቷ አንድ ቀን አስተካክላ «እርስዎ» ብትላቸው ማን ሌላ ሰው አጠገብሽ አለ ብለው ጠየቁ።

ይህ ታሪክ ብዙ ሰው አስደስቷል። 6ኛዋ አራሚ ተመልሳ መጥታ ከ1998 የሲና ኮልሰን፣ የጆናታን ኪንግ እና የማርታ ኩታስ ሥራ ጋር አገናኘችው። በዚያ ሙከራ ስህተት አልፎ አልፎ ብቻ ሲመጣ ፒ600 ትልቅ ነበር። ስህተት ሲበዛ ግን ሞገዱ አነሰ። ሰሚው ምን እንደሚጠብቅ ይማራል። የአያትየዋ ጆሮ ከልጅቷ «አንተ»ን መጠበቅ ለምዷል፤ ስለዚህ የሚያስደነግጣቸው ትክክለኛው ሆነ። እኔ አያትየዋን ኤሌክትሮድ ለጥፌ ባያቸው ደስ ባለኝ ነበር።

12ኛ መልስ። ከአረብ አገር የተመለሰች እህት ናት። አረብኛን ያለ አስተማሪ፣ ወጥ ቤት ውስጥ በጆሮዋ ለመደች። መጀመሪያ ለእመቤቲቱ የወንድ፣ ለልጁ የሴት ስትናገር ምንም አይታወቃትም ነበር። ቆይቶ ግን ሌላዋ አዲስ መጪ ስትሳሳት እሷን መቆርቆር ጀመራት። የሚገርማት፣ ራሷ በአፏ መሳሳቷን ገና ሳታቆም ነው ጆሮዋ የነቃው።

13ኛው መልስ ለእሷ የተሰጠ ነው። ነገሩ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነኦስተርሃውት ፈረንሳይኛ በሚማሩ አሜሪካውያን ላይ ካዩት ጋር ይገጥማል። ተማሪዎቹ ገና ጀማሪ ሳሉ የስምምነት ስህተት ያመጣባቸው ኤን400ን ነበር። እንግዳ ቃል እንዳጋጠማቸው ያህል ነው የቆጠሩት። ወራት አልፈው የተሻሻሉት ላይ ፒ600 መጣ፤ ደንቡ ውስጣቸው ገባ ማለት ነው። ናታሻ ቶኮዊችና ብራያን ማክዊኒ ደግሞ በ2005 ስፓኒሽ ተማሪዎች ላይ ያዩት አለ። ልክ ነው ወይስ ስህተት ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው ከግምት ብዙም ባይርቅም፣ አንጎላቸው ግን ለአንዳንዶቹ ስህተቶች ምላሽ ይሰጥ ነበር። እህታችን ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን የደረሰችበት ነገር ከዩኒቨርሲቲ ጥናት ጋር ሲገጥም በጣም ደስ አለኝ።

14ኛ መልስ። ነርስ ነው፤ ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ይንከባከባል። ከሞገዱ ወደ ሥፍራው ወሰደን። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ «ታን» ከማለት በቀር መናገር ያልቻለ ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ በግራ በኩል ፊት ለፊት ጉዳት አየ። ዛሬም ያ አካባቢ የተጎዳ ሰው ሐሳቡ እያለ ሰዋስው ሊጠፋበት ይችላል። ነርሱ የሚያስታምመው አንድ አባት ስለ ሚስታቸው ሲናገሩ «መጣ፣ ሄደ» ይላሉ። ሚስትየዋ ረስቶኛል ብላ አልቅሳለች። እሱ ግን አባትየው ማንን እንደሚሉ በደንብ እንደሚያውቁ፣ የጠፋባቸው የግሱ ጫፍ ብቻ እንደሆነ ቁጭ ብሎ አስረዳት።

አንድ ነገር ልጨምርበት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ታካሚ የግሱን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፤ የቀረውም ቃል ነው። በዕብራይስጥ ግን ዮሴፍ ግሮድዚንስኪ በ1980ዎቹ እንዳሳየው ታካሚዎቹ አይጥሉም፤ አንዱን ቅርጽ በሌላው ይተኩታል። ምክንያቱም ሦስቱ የሥር ፊደላት አናባቢ ካልገባባቸው በአፍ አይወጡም። አማርኛም እንዲሁ ነው። ከ«ሰበረች» ፆታውን አውልቆ ባዶ ሥር መናገር የሚችል ሰው የለም፤ የግድ አንድ ፆታ ይመጣል። ስለዚህ «መጣ» ማለታቸው ሚስታቸውን ወንድ አድርገዋታል ማለት አይደለም። ይህን የታካሚ ቤተሰብ ሁሉ ቢያውቀው ስንት እንባ ይቀር ነበር።

ከ15ኛ እስከ 18ኛ። እዚህ ላይ ክሩ መንገዱን ሳተ። አንዱ የስልክ የትርጉም መተግበሪያዎች ሴቷን ሁሉ ወንድ እንደሚያደርጉ አማረረ። ሌላው ከዚህ ተነስቶ ሀ፣ ሐ እና ኀን ማደባለቅ ይብሳል አለ። ሦስተኛው ፊደላቱ ይቀነሱ አለ፤ አራተኛው ቀድሞ ያንተ ስም ይቀነስ አለው። መምህሩ ለፊደላቱ ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ይህ ሙግት የራሱ ክር ይገባዋል፤ እኔ እዚህ አላስገባውም።

19ኛ መልስ። ተጠራጣሪ ሰው ነው፤ ምላሱ ቢሾልም ጠቅሞናል። እስካሁን ሞገዱን የስህተት ደወል አድርጋችሁ አወራችሁ ሲል ገሠጸን። እነዚህ ሞገዶች የቮልት ሚሊዮንኛዎች ናቸው፤ በአንድ ንባብ አይታዩም፤ ከብዙ ዓረፍተ ነገርና ከብዙ ሰው ተደምረው አማካያቸው ነው የሚወጣው። አማካይ ደግሞ ይሸፍናል። በ2014 ዳረን ታነር እና ጃኔት ቫን ሄል የስምምነት ስህተት ያነበቡ ሰዎችን ለየብቻ ሲያዩአቸው አንዳንዱ ላይ ፒ600 ጎላ፤ ሌላው ላይ ግን ለዚያው ስህተት ኤን400 ነበር የጎላው። ብዙዎች በግራ ፊት በኩል ከ300 እስከ 500 ሚሊሰከንድ አየነው የሚሉት ሦስተኛ ሞገድ የሁለቱ ቅልቅል ሊሆን እንደሚችልም ጠቁመዋል። ከዚህ ሌላ ፒ600 የሰዋስው ብቻ ነው የሚለውም አያስኬድም። ምግቡ ራሱ በላተኛ በሆነባቸው ዓረፍተ ነገሮች ላይ፣ ሰዋስው ሳይጎድል፣ በ2005 አልበርት ኪም እና ኦስተርሃውት ፒ600 አይተዋል። በሱ አስተያየት የእኔ የአስተማሪ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። አንዱ አንባቢ አንቱታውን ቀድሞ ያየዋል፤ ሌላው ይደናቀፋል።

እኔ ይህን እቀበላለሁ። ጥያቄው ግን በዚህ አይዘጋም፤ እንዲያውም ሰው ከሰው የሚለይበት ምክንያት ራሱ ጥያቄ ይሆናል። አንቱታ በሚዘወተርበት ቤት ያደገና «አንተ» በሚባባሉበት ቤት ያደገ ሰው አንድ ዓይነት ሞገድ ያሳያሉ?

20ኛ መልስ። እስራኤል የምትኖር እህት ናት። በ2001 አቪታል ዶይች እና ሽሎሞ ቤንቲን የዕብራይስጥን የፆታ ስምምነት በአንጎል ሞገድም በዓይን እንቅስቃሴም እንደለኩት ጠቆመችን። ዕብራይስጥ እንደ እኛው ግሱ ላይ ፆታ አለው፤ አንቱታ ግን የለውም። እሷ ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች፤ ልጆቿ ግን አያታቸውን በአማርኛ ሲያነጋግሩ አንቱታን ይዘሉታል። ማነጻጸር ከተፈለገ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ተስማሚ እንደሆኑ ሐሳብ አቀረበች። ግሩም ሐሳብ ነው።

21ኛ መልስ። 6ኛዋ አራሚ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ሙከራውን እንንደፍ ብላ። ኤሌክትሮድ ባይኖርም በስልክ መጀመር ይቻላል። ሰው ቃሉን አንድ በአንድ እየነካ ያነባል፤ ስልኩ እያንዳንዱ ቃል ላይ የፈጀበትን ጊዜ ይመዘግባል። ችግሩ አማርኛ ስህተቱን የሚደብቅበት ብዙ ጓዳ መኖሩ ነው። «መኪናዋ ቆመ» ብንል መኪናዋን ሴት አድርጎ ግሱን ወንድ ማድረግ ሊመስል ይችላል። ግን «መኪናዋ» የእሷ መኪና ማለትም ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ሆኖ ያርፋል። «ልጅቷ» ይሻላል፤ የእሷ ልጅ ለማለት «ልጇ» ነው የምንለው።

22ኛ መልስ። 5ኛው ተማሪ ሌላ ችግር አነሳ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ አንባቢው ሲዘገይ ስህተቱን አይቶ ይሁን ዓረፍተ ነገሩን እየቋጨ አይታወቅም። ስለዚህ ግሱን ወደ መሃል እናምጣው አለና «ልጅቷ ዳቦውን ስለበላ እናቷ ተቆጣች» የሚል ምሳሌ ሰጠ።

23ኛ መልስ። ይህን ያፈረሱት መምህሩ ናቸው፤ ከመልሶቹ ሁሉ የወደድኩትም ይህን ነው። «ልጅቷ ዳቦውን ስለበላ ተቆጣች» ብንል እኮ ልክ ነው አሉ። የበላው ሌላ ወንድ ነው፤ የተቆጣችው ልጅቷ ናት። አማርኛ ባለቤቱን ሳይጠራ ግሱ ውስጥ ስለሚደብቀው፣ «ስለበላ» ላይ የደረሰ አንባቢ ገና ስህተት አላየም፤ አንድ ያልተጠራ ሰው ሊያስብ ይችላል። ላብራቶሪ አያስፈልግም ያሉት መምህር ራሳቸው መፍትሔ አቀረቡ። አጭር ዓረፍተ ነገር በድርብ ሰረዝ ዘግተን ወዲያው ሌላ እናስከትል፤ መዘግየቱ ወደሚቀጥለው ቃል ከተረፈም እዚያ እንለካዋለን። በእሳቸው አቀማመጥ የመጀመሪያዎቹ አራት እነዚህ ናቸው፦

«ልጅቷ ዳቦውን በላች፤ እናቷም ዝም አለቻት።»
«ልጅቷ ዳቦውን በላ፤ እናቷም ዝም አለቻት።»
«የሳጥኖቹ ቁልፍ ጠፉ፤ ዘበኛውም ተጨነቀ።»
«የተማሪዎቹ አስተማሪ ታመሙ፤ ትምህርትም ተቋረጠ።»

ሌላ ዓረፍተ ነገር ያላችሁ ከዚህ በታች ጨምሩ። ስትጨምሩ ግን አንቱታ፣ «የእሷ» የሚል ፍቺ ወይም ያልተጠራ ባለቤት እንዳይገባበት እያያችሁ።